የእማማ ቡንሩዋን ነጠላ ጫማ

መኪናው ከነበረበት ቦታ የቀረው ጥንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር። ሮዝ ላስቲክ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በዓሣ መረብ ክር ተጠግኗል። ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ የቤት ደጃፍ ላይ የተተዉ ይመስል አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተር ፕራሶፕ ቁጢጥ ብሎ አያቸው። ገና ማለዳ ነበር፤ ግን የሚያዝያ ፀሐይ ከአሁኑ አናት መብሳት ጀምራለች። ፕራሶፕ ሙቀት አይወድም፣ ላብ አይወድም፣ ከሁሉም በላይ የመኪና ሌባ አይወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያው ድምፅ ማጉያ «መስመር ውስጥ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ መሪውን በብረት ቆልፉ፣ መስታወት አጥቁሩ» እያለ ሲሰብክ ዓመታት አልፈዋል። በታይላንዷ ናኮን ሳዋን ከተማ ይህን ስብከት ያልሰማ የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር የሰማውም ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። አትክልት ሻጮቹ ድምፁን እያስመሰሉ ይሳሳቁበታል።

«ከገበያው ሁሉ የሚሰማኝ አንተ ብቻ ነበርክ» አለ ቀና ብሎ።

ባንሉ ማንጎ ነጋዴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም። የተሰረቀው ባለ አራት በሩ ብርማ ፒካፑ ነው። ያቺን ቢጫ የመሪ ብረት ሳይቆልፍ ሽንት ቤት እንኳን እንደማይሄድ ገበያው ሁሉ ያውቃል።

«ዛሬም ቆልፌ ነበር ጌታዬ። ሰብረውት ይሆናል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሻይ ቤት፣ ዳማ ስጫወት። የፈለጉትን ሰው ይጠይቁ። ጩኸቴን ያልሰማ የለም።»

እውነቱን ነው። ሳጅን ዱዋን ጠይቃ ነበር። ፈጣን ልጅ ናት፤ ፕራሶፕ ሳይልካት ሄዳ ትመለሳለች። ባንሉ ገበያ ከደረሰ ጀምሮ ከሻይ ቤቱ በርጩማ ላይ አልተነሳም፤ በየጨዋታው መሃል አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ና እስቲ ፍረድ!» እያለ ሲጣራ ነው የቆየው።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ከገበያው ጀርባ ካለው ቤተ መቅደስ እየሮጠች መጣች። ክንዷ ገና የሳሙና አረፋ አልለቀቀም። የባንሉ እህት ሳይጃይ ናት።

«እማዬ የታለች? መኪናው ውስጥ ልተኛ ብላ…» ነጠላ ጫማዎቹን ስታይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ጮኸች።

ፕራሶፕ ወደ ባንሉ ዞረ። ሰውየው ደም ከፊቱ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ጫማዎቹን ያየው ገና አሁን ነበር።

«ቤተ መቅደስ አይደለችም እንዴ?» አለ። «ከአንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?»

«ጉልበቴን አመመኝ አለች። የራሷ ቁልፍ አላት። እኔ የመነኮሳቱን ሳህን እያጠብኩ ነበር» አለች ሳይጃይ፤ ጫማዎቹን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻቸው። «ሁሌም አውልቃ ነው የምትገባው። የሩዝ ማሳዋን ሸጣ የገዛችው መኪና ነው። ‹ማሳዬ ነው፤ ማሳ ውስጥ ማን ጫማ አድርጎ ይገባል?› ትላለች።»

«የኋላው በር ከውስጥ ይከፈታል?» አለ ፕራሶፕ።

«አይከፈትም። አንዴ መንገድ ላይ ከፍታው ነበር፤ ሐሳቧ ይሄድባታል። ከዚያ በኋላ ባንሉ ከውስጥ እንዳይከፈት አደረገው። ወደ ፊት ወንበር እንዳትሻገር ደግሞ ጉልበት የላትም።»

በዚህ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ የተቆለፈ ሰው ምን እንደሚሆን እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል።

የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ጋሽ ፓን ይባላሉ። ፊሽካቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም።

«አባቴ፣ መኪናው ሲወሰድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«ታዲያ አላዩም?»

«አይቻለሁ እንጂ። ሲገፉት አይቻለሁ።» ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ገፍቻለሁ።»

ፕራሶፕ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ላድርግ ልጄ? እዚህ ሰው የለመደው ይሄንኑ ነው። ቦታ ያጣ ሁሉ መሃል መተላለፊያው ላይ ያቆማል፤ ማርሹን ነፃ፣ ፎሌ ያደርጋል፣ ፍሬኑን ይለቃል፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይሄዳል። የታገደው ሰው ገፋ አድርጎ ይወጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስገፋ ነው የምውለው። ሁለት ሰዎች መጡ፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ለፀሐዩ ፊታቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ። ‹አባባ፣ እስቲ እጅዎን› አሉኝ። ፊሽካዬን ነፋሁ፣ መንገድ አስለቀቅኩ፣ ገፋሁላቸው። እስከ በሩ ቁልቁለት አይደል? እንደ ቅቤ ነው የሄደው። በሩ ጋ የጭነት መኪና ጀርባውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ‹ተበላሽቶ ነው፣ ጋራዥ ልንወስደው ነው› አሉኝ።»

«ውስጥ ሰው መኖሩን አላዩም?»

«መስታወቱ ከሰል ነው! ምን ይታየኛል? ራስዎ አይደሉ እንዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ‹አጥቁሩ፣ ሌባ ውስጡን እንዳያይ› የሚሉት?»

ይህቺ ፕራሶፕን ወጋ አደረገችው። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም ነበር፤ ፊሽካቸውን በጣታቸው ያገላብጣሉ።

«ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ» አሉ ቀስ ብለው። «እጄን ጀርባው ላይ እንዳደረግኩ። ‹ምንድን ነው?› ብላቸው ‹ክሪኩ ተፈትቶ ነው አባባ› አሉኝ። እኔም ክሪክ ነው ብዬ ገፋሁ።»

ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

የጭነት መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቢጫ የሩዝ ገለባ ተበትኗል። ፕራሶፕ ቆንጥሮ አሸት አደረገው። «የሩዝ ወፍጮ ቤቶቹን በሙሉ» አላት ዱዋንን፤ «አንድም ሳይቀርሽ።» አንድም ሳይቀርሽ ማለት ቀላል ነው። ናኮን ሳዋን ውስጥ የሩዝ ወፍጮ ቤት እንደ አሸን ነው።

ጣቢያው ውስጥ ፕራሶፕ ባንሉን ማራገቢያው ሥር አስቀመጠው። ያዘነለት መስሎት ነው። እናቱ የጠፋችበት ሰው መንገድ ላይ ቢለቀቅ ሌላ ሬሳ ነው የሚያመጣብኝ ብሎ አሰበ።

«ልሂድ ጌታዬ። ሞተር ሳይክል አለኝ፤ ራሴ ልፈልጋት።»

«የት ነው የምትፈልጋት?»

«የትም። ዝም ብዬ…»

«ዝም ብለህማ ቁጭ በል። ፖሊስ መንገድ ላይ ነው። ጠላት አለህ? ያኮረፍከው ሰው፣ መኪናህ ላይ ዓይኑን የጣለ?»

ባንሉ የመለሰው መልስ ሁሉ ውሃ የማያነሳ ነበር። የጎረቤት ስም ጠራ፤ ጎረቤቱ ሆስፒታል ተኝቷል። የአጎቱን ልጅ ጠራ፤ ልጁ ከተማ ውስጥ የለም። ዱዋን ከመውጣቷ በፊት በረዶ ያለበት ውሃ ሰጥታው ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ በረዶው ሟሟ፤ አንድም አልተጎነጨም።

ስልኩ ጮኸ። ባንሉ ቁጥሩን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሁን አይመችም» አለ። ሰማ። አንገቱ ሥር ያለው ደም ሥር ተገተረ። «አትክፈተው። እስክመጣ ይቆይ። አትክፈተው አልኩ!»

«ማነው?» አለ ፕራሶፕ።

«ደንበኛ ነው። ማንጎ በሳጥን ያስቀመጥኩለት። ሳይበስል ከተከፈተ ይበላሻል።» ከዚያ ብድግ አለ። «ልሂድ ጌታዬ። እባክዎ። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ልሂድ!»

«ቁጭ በል ብዬሃለሁ!»

ባንሉ ቁጭ አለ።

የባንሉ እናት፣ እማማ ቡንሩዋን፣ የመኪናውን ቁልፋቸውን ያስቀረጹት ዴት ጋ ነው። ዴት ዛሬ በገበያው ጥግ ቁልፍ ይቀርጻል፤ ድሮ ግን መኪና ይሰርቅ ነበር፤ ወህኒ ቤት የሰደደውም ራሱ ፕራሶፕ ነው። ሳይጃይ ስሙን ስትጠራለት ኢንስፔክተሩ ዓይኑ በራ። የሌላ ሰው ቁልፍ የሚቀርጽ ሌባ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የዴትን ሱቅ አስፈተሸ፣ ቤቱን አስፈተሸ፣ የአማቱን ጓሮ ሳይቀር አስቆፈረ። ፀሐይዋ እየወጣች አናት ላይ ቆመች። ዴት በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለ ያያቸዋል።

«ጨረሳችሁ? የዶሮ ቤቱ ቀርቷችኋል።»

«ምላስህን ሰብስብ! አሮጊቷ እዚያ ውስጥ ናቸው። ቅጂ አስቀርተህ ከሆነ ተናገር።»

ዴት ፈገግታው ጠፋ። «እማማ ቡንሩዋን? በስመ ቡድሃ… እሳቸው እኮ ከእስር የወጣሁ ቀን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደረጉ ብቸኛ ሰው ናቸው።» ከዚያ ተቆጣ። «እስቲ ኢንስፔክተር፣ እንደ ሌባ ያስቡ! ቁልፍ ቢኖረኝ አስነስቼ እሄድ ነበር እንጂ በጠራራ ፀሐይ ምን ያስገፋኛል?»

ግማሽ ቀን በከንቱ ሄዷል። ዱዋን በሬዲዮ እየደጋገመች አንድ ዓይነት መልስ ትሰጣለች፦ ይሄኛው ወፍጮ ቤት የለም፣ ያኛውም የለም፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው አሮጌው ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቁልፉም ዝጓል፣ ተጣርቼ መልስ ስላጣሁ አልፌዋለሁ።

ለምሳ አልነበረም የቆመው፤ እግሩ ስለዛለ ነው። የገበያው ምግብ ሻጭ ግን ገና ሲቀመጥ አየችው።

«የዘወትሩን አምጪልኝ» አላት። የዘወትሩ ሩዝ በተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው።

«ዛሬ? ፀሐዩ መታህ እንዴ ጌታው? ዛሬ የጸሎት ቀን ነው። ማን አርዶ ማን ይሸጥልኛል? ሥጋ ሻጮቹ አንዳቸውም አልመጡም። እንቁላል ልጥበስልህ?»

ፕራሶፕ ዓይኑን ወደ ውጭ ወረወረ። ከተቀመጠበት ሆኖ የመኪና ማቆሚያው ይታየዋል። የሥጋ ሻጮቹ መስመር፣ ያ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሰው በሌላ ቀን የሚጣላበት ጥላ፣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ጠዋትም ባዶ ነበር። ጫማዎቹ የነበሩበት ቦታ ደግሞ ከዚያ መስመር ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ በቀጥታ ወደ በሩ ቁልቁል የሚያይ ነው።

ቦታ ያጣ ሰው ነው ፎሌ አድርጎ የሚሄደው። ዛሬ ቦታ ያጣ አልነበረም።

ፕራሶፕ ነገር ዓለሙ ዞረበት። ስልኩን አውጥቶ ሳይጃይ ጋ ደወለ።

«የወንድምሽ የመሪ ብረት፣ ያ ቢጫው፣ የት ነው?»

«ብረቱ? እነ እማዬ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ በር ጀርባ። ጠዋት እማዬን ይዤ ስወጣ የእግሬን አውራ ጣት መታኝ፤ ለምን ትቶት ሄደ ብዬ ነበር።»

«ዛሬ መኪናውን ይዛችሁ ለምን መጣችሁ?»

«መነኩሴው ጠበል ሊረጩበት። ከዚያ እማዬ ለእኔ ልትሰጠኝ ነበር። የማስታምማት እኔ ነኝ፣ ወደ እኔ ቤት ልትገባ ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ «ባንሉ እኮ ምንም አላለም። ትናንት እንዲያውም አጥቦ ወለወለው» አለች።

ባንሉ ማራገቢያው ሥር እንደተተወ ነው። ፕራሶፕ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ለማስረጃ ከሳይጃይ የተቀበለውን ሮዝ ነጠላ ጫማ በወረቀት ከተጠቀለለበት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ የውሃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠው።

«ጫማ ጠረጴዛ ላይ?» አለ ባንሉ ሽምቅቅ ብሎ። «የእናቴን?»

«ነውር ነው አይደል? ነውርማ ታውቃለህ። ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ባንሉ ዓይኑን ከጫማው አላነሳም።

«የሥጋ ሻጮቹ መስመር ባዶ ነበር። ጥላ ነበር። ለመኪናው ከራስህ በላይ የምትሳሳው ሰውዬ ፀሐይ ላይ፣ መሃል መተላለፊያ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አድርገህ፣ ብረቱን ቤት ጥለህ፣ ፎሌ አድርገህ ሄድክ። ቁልፉን ብትሰጣቸው ጣት አንተ ላይ ይቀሰር ነበር። ለእህትህ ከሚደርስ የሌባ ይሁን አልክ። ማን ጋ ነው ያለው?»

ባንሉ የውሃውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ሳበ።

«የማንጎ ደንበኛ ነው ያልከኝ ማነው?»

«ዊሮት» አለ ባንሉ። «አሮጌው ወፍጮ ቤት። ከሐዲዱ ማዶ።»

ፕራሶፕ በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ጮኸ፤ ቦታውን ተናገረ፤ የሰው ሩጫ ተሰማ። ከዚያ ተመለሰ። ማወቅ ነበረበት።

«ስልክ ደውሎ ምን አለህ?»

«ታንኳኳለች አለኝ። የኋላውን መስታወት ታንኳኳለች፣ ስሜን ትጠራለች አለኝ። ምን ላድርግ አለኝ።»

«አንተም አትክፈተው አልከው።»

«ካየችው ታውቀዋለች! እናቴ ያበላችው፣ ያሳደገችው ልጅ ነው! ራሴ ሄጄ፣ መንገድ ላይ አገኘኋት ብዬ…» ድንገት ዓይኑ ፈጦ ፕራሶፕ ላይ ጮኸ። «ልሂድ አልኩዎት እኮ! ለመንኩዎት! እግርዎ ላይ ልውደቅ አልኩዎት! እርስዎ ነዎት ቁጭ በል ያሉኝ!»

እውነት ነበር። ፕራሶፕ ይህችን ቃል ዕድሜ ልኩን ተሸክሟት እንደሚኖር እዚያው ቆሞ ገባው፤ ስለገባውም ሰውየውን በጥፊ ሊመታው እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው።

«ልሂድ ከምትል እዚያ ናት ብትለኝስ?» አለ።

የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ዝጓል፤ ሰንሰለቱ ግን አዲስ ነበር። ዱዋን ነች የሰበረችው፤ ጠዋት አልፋው የሄደችው እሷ ናትና መዶሻውን ለማንም አልሰጥም አለች። በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት ሁሉንም ወደ ኋላ አንገዳገዳቸው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ቆርቆሮ፣ መሃል ላይ ታጥቦ የተወለወለው ብርማ ፒካፕ። ዊሮት ሸሽቷል። የመኪና ሌቦች መኪና ሰርቀው ወዲያው አይነዱም፤ ባለቤቱ ተከትሎ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ዘግተውበት ይሄዳሉ። ይህን ፕራሶፕ ራሱ በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ ተናግሯል።

ዱዋን መስታወቱን ሰብራ በሩን ከፈተች። እጇን የአሮጊቷ አንገት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ኮፍያዋን አወለቀች።

እማማ ቡንሩዋን ወንበሩ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ከቤተ መቅደስ ያመጡት የአበባ ጉንጉን እጃቸው ላይ ደርቋል። ጥቁሩ መስታወት ከውስጥ በኩል ከታች እስከ ላይ በእጅ አሻራ ተሞልቷል፤ የላይኞቹ ሰፋፊ ናቸው፣ የታችኞቹ ጣት ብቻ። ባዶ እግራቸው ንጹሕ ነበር።

ሳይጃይ ስትደርስ ማንም አላስቆማትም። አላለቀሰችም። ፕራሶፕን «ጫማዋን» አለችው፤ ሰጣት። ከተከፈተው በር ሥር ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ እናቷ ሲወርዱ እግራቸውን እንዲያስገቡበት።

ባንሉን ያመጡት ለምርመራው ቦታውን መርቶ እንዲያሳይ ነው። እጁ ከኋላ ታስሯል። በሩ ላይ፣ ፀሐይ ያነደደው ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«አንዴ ልሳማት። ሳይጃይ፣ እህቴ፣ አንዴ ብቻ።»

ሳይጃይ ዞር ብላ አየችው።

«ጫማህን አውልቅ» አለች። «ማሳዋ ነው።»

ባንሉ እጁ ስለታሰረ አንዱን ጫማ በሌላው እግሩ እየገፋ አወለቀ። ሲሚንቶው ወዲያው አቃጠለው። አንዱን እግር አነሳ፤ ሌላውን አነሳ፤ ተመልሶ አንዱን አነሳ። ፖሊሶቹ ኢንስፔክተሩን አዩ። ጥላው አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው፤ «ጠጋ በል» ቢለው ይበቃ ነበር። ፕራሶፕ አልተናገረም።